ሠርግ ፈልጌ ሰርቆ አገኘሁ

ደብዳቤ ተቀባይ የሆነ ሰው ሁሉ፣ በብራናም ዘመን ይኑር በኢሜይል ዘመን፣ ሁለት መከራ አለበት፤ አንደኛው የተጻፈለትን ማንበብ ሲሆን ሁለተኛው ያነበበውን ዳግመኛ ማግኘት ነው። የፊተኛውን ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል። የኋለኛውን ግን ትዕግሥት ብቻውን አይወጣውም፤ ዘመዶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉልን አንድ ቀን ተመልሰን እንፈልገዋለን ብለው ስለማያስቡ፣ ለጉዳዩ የሚስማማ አርእስት መስጠት የሚባለውን ልማድ ከጥንት ጀምሮ አልለመዱትምና።

እኔ ኢሜይሌን በገዛ ኮምፒዩተሬ ውስጥ አስቀምጬ፣ ተርሚናል በሚባለው ጥቍር መስኮት ትእዛዝ እየጻፍሁ ከሚፈልጉት ጥቂት ሰዎች ወገን ነኝ። ይህን ልማዴን የሚያይ እንግዳ አንዳንዱ የባንክ ምሥጢር የምሰርቅ እየመሰለው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥዕሉና ቀለሙ ያማረ ኮምፒዩተር ለመግዛት ዐቅም ያጣሁ መስሎት በልቡ ያዝንልኛል። ለሁለቱም ወገን ቡና አቀርባለሁ እንጂ አላስረዳም።

መልእክቶቹን ከሩቁ የፖስታ ማሽን ወደ ቤቴ የሚያመጣልኝ ኤምቢሲንክ የሚባል ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚያርፉበትም ሥርዐት ሜይልዲር ይባላል። ይህን ሥርዐት የሒሳብ ሊቁ ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኪውሜይል ለተባለው ፕሮግራሙ ባወጣው ጊዜ፣ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፋይል እንዲኖረው፣ ማኅደሩም በሦስት ክፍል ተከፍሎ፣ ገና በመጻፍ ላይ ያለው በአንደኛው፣ ደርሶ ያልታየው በሁለተኛው፣ የታየው በሦስተኛው እንዲቀመጥ አደረገ። በፊት በነበረው ኤምቦክስ በሚባለው ልማድ ግን ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ተቀጣጥለው ይኖሩ ነበርና፣ አንድ የዋህ ጸሓፊ መሥመሩን ፍሮም በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የጀመረ እንደ ሆነ፣ አዲስ ደብዳቤ የተጀመረ እንዳይመስል ከቃሉ ፊት ምልክት ይደነቀርበት ነበር። ሰው ባልጻፈው ምልክት ደብዳቤው ሲዳጥ ማየት ለእኔ ደስ አይለኝም።

እንዲህ የተከማቸውን ለመፈለግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞክረው ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩኒክስ ያበረከተውን ግሬፕን ነው። ግሬፕ ቃል የተሰጠው እንደ ሆነ ፋይሉን ሁሉ ከአርእስቱ እስከ ፍጻሜው መሥመር በመሥመር አንብቦ ቃሉ ያለበትን መሥመር ያወጣል፤ ትናንት ያነበበውን ግን ዛሬ አያስታውስም። በእንግሊዝኛ ለሚጻጻፍ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በአማርኛ ለሚጻጻፍ ሰው ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የኢሜይል መንገድ በመጀመሪያ የተጠረገው ለላቲን ፊደል ብቻ ስለ ነበረ፣ የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ከገባ በኋላም ቢሆን መንገዱን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ቤዝ 64 በሚባለው ስልት ተለውጦ ነው። አንዱ ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቤዝ 64 ሦስቱን ባይት ተቀብሎ ዐራት የላቲን ፊደልና ቍጥር ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ሰላም የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዐሥራ ሁለት ምልክት ሆኖ፣ በ4 ቍጥር ጀምሮ፣ ሰላምታነቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ይገኛል። የባሰውም ነገር፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ በመሆኑ የሦስት በሦስት አቈጣጠሩን ያፋልሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ያው ሰላም እንደ ተቀመጠበት ስፍራ ሦስት ዐይነት ገጽ ይይዛል። አንዱ ነገር በሦስት ገጽ መገለጡ ለነገረ መለኮት ሊቃውንት የታወቀ ትምህርት ቢሆንም፣ ለግሬፕ ግን ከአእምሮው በላይ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ይህን ስውር አጻጻፍ ፈትቶ የሚያነብና ያነበበውን በማውጫ የሚያሰፍር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ካርል ዎርዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ኖትመች፣ እንዲሁም የዲርክ ያን ቢኔማ ሥራ የሆነው ሙ ይህን የሚያደርጉ ናቸው፤ ሁለቱም ማውጫቸውን የሚያደራጁት ዛፒያን በሚባለው የፍለጋ መሣሪያ ነው። እኔ የለመድሁት ኖትመችን ነው። ኖትመች ደብዳቤ አያመጣም፣ ደብዳቤም አይልክም፤ ማኅደሩን አንብቦ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ደብዳቤ፣ ከደብዳቤውም በስንተኛው ስፍራ እንደሚገኝ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ደብዳቤዎቹን ዳግመኛ ሳያገላብጥ ከመዝገቡ ብቻ ይመልሳል። ይህን ጥበብ የኮምፒዩተር ዘመን ብቻ የወለደው አድርጎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1230 ገደማ በፓሪስ የነበሩት የዶሚኒክ ማኅበር መነኮሳት በሂዩ ዘሳን ሼር መሪነት የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት አሰልፈው፣ ቃሉ የሚገኝበትን መጽሐፍና ምዕራፍ ማመልከታቸውን ያስብ። በእኛ አገር ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር፤ ብሉይንና ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ከነትርጓሜያቸው የፈጸመው ዐራት ዐይና መምህር፣ ተማሪው አንድ ቃል ጣል ሲያደርግለት ዐይኑን ጨፍኖ፣ በዚህ መጽሐፍ በዚህ ምዕራፍ አለ፣ በዚያም ድርሳን ተጠቅሷል እያለ ይዘረዝራል። ኖትመች በእኔ ደብዳቤዎች ላይ እንዲሁ ዐራት ዐይና ነው፤ ንባቡን እንጂ ምሥጢሩን ባለማወቁ ብቻ ከመምህሩ ያንሳል።

ይህንንም ያየሁት የአንዲት ዘመዴ ሠርግ በየትኛው አዳራሽ እንደሚደረግ የሚናገረውን ደብዳቤ በፈለግሁ ጊዜ ነው። ሠርግ ብዬ ብጠይቀው የወጣልኝ በቄስ ትምህርት ቤት ያደገው የአጎቴ ልጅ የጻፈው ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር ከሚያምታታ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። የቀሩት ዘመዶቼ በእሳቱ የሚጽፉ ናቸውና ሰርግ ብዬ በደገምሁት ጊዜ እነርሱም መጡ፤ አዳራሹ ግን አልመጣም። በዚህ ረገድ ማሽኑ ሳያውቀው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ወገን ሆኖ ይገኛል፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው ንጉሡንና እሳቱን በየወንበራቸው እንዳስቀመጠ ሁሉ፣ ማሽኑም ለየብቻቸው ያስቀምጣቸዋል፤ አለቃ ከግእዝ እየጠቀሱ ምክንያቱን ያስረዳሉ፣ የማሽኑ ምክንያት ግን የሁለቱ ፊደላት መለያ ቍጥር መለያየቱ ብቻ ነው። በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ቢቈጥርልኝ በወደድሁ፤ በጽሕፈት ጊዜ ግን ማንም እንዲቀላቅላቸው አልፈቅድም።

አዳራሹ ያልመጣው ጸሓፊው ሠርግ ሳይል ሠርጉ ወይም ሠርጋችን ብሎ ይሆናል ብዬ ገመትሁ። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ኮከብ ምልክት አለ፤ ከቃሉ ኋላ የተቀመጠ እንደ ሆነ በዚያ ቃል የሚጀምሩትን ሁሉ ያመጣል። እንግሊዝኛ ቃሉን እንዳለ ትቶ ከኋላ ስለሚቀጥልበት ኮከቡ በዚያ ቋንቋ ብዙ ያገለግላል። በእኛ ፊደል ግን ሳድሱ ግ ወደ ካዕቡ ጉ ወይም ወደ ራብዑ ጋ ሲለወጥ ፊደሉ ራሱ ሌላ ስለሚሆን፣ ኮከቡን ከግ ኋላ ማስቀመጥ ሠርጉንም ሠርጋችንንም አያመጣም። ስለዚህ ግ የሚለውን ፊደል ትቼ ኮከቡን ከሰር ኋላ ባስቀምጠው ሰርቆ፣ ሰርዞና ሰርጎ ገብ ተሰልፈው መጡ፤ ሠርግ ፈልጌ የሌባ፣ የተሰረዘ ቀጠሮና የሰላይ ወሬ አገኘሁ። ለሠርጉ፣ ስለሠርጉ፣ እስከሠርጉ የሚሉት ደግሞ አጀማመራቸው ከነጭራሹ ሌላ ስለ ሆነ ኮከቡ አይደርስባቸውም። የእኅቴ ልጅማ አማርኛዋን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው፤ እርሱንም ቢሆን አናባቢውን ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው እየለዋወጠች ነውና፣ የእርሷን ደብዳቤ ለማግኘት በዕለቱ የነበራትን ጠባይ መገመት ያስፈልጋል።

ውሎ አድሮ የተረዳሁት ትእዛዙን ከመማር ይልቅ ዘመዶቹን መማር የሚበልጥ መሆኑን ነው። ማን በንጉሡ ይጽፋል፣ ማን በእሳቱ፣ ማን ገንዘብን ብር ብሎ ማንስ ፍራንክ ብሎ ይጠራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የኖትመችን መመሪያ በቃሉ ቢያጠናውም የገዛ ቤተ ሰቡን ደብዳቤ አያገኝም።

ጸሓፊው የማይታወስ ቢሆን ቀኑን መጠየቅ ይቻላል፤ ኖትመች ትናንት ወይም ያለፈው ሳምንት ተብሎ በእንግሊዝኛ ቢነገረው እንኳ ይገባዋል። ጳጉሜን ለምትባለው ወር ግን በልቡ ስፍራ የለውም። በጳጉሜን የደረሰኝን ደብዳቤ ስፈልግ ከሴፕቴምበር 6 እስከ 10 ብዬ አዝዘዋለሁ፤ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ የሆነ እንደ ሆነ 11ንም እጨምራለሁ። ኢሜይል ለመፈለግ ባሕረ ሐሳብ ያስፈልጋል ብል ማን ያምነኛል?

አዳራሹ በመጨረሻ የተገኘው፣ ስለ ጣራ ቆርቆሮ ዋጋ በሚል አርእስት ከተጀመረ የደብዳቤ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ኖትመች መልሱን ከተመለሰለት ጋር አያይዞ ሰንሰለቱን በሙሉ ያሳያል፤ ዘመዶቼ ግን አዲስ ደብዳቤ መጀመርን እንደ ትዕቢት ስለሚቈጥሩት፣ ቀድሞ በመጣው ላይ መልስ የሚለውን ተጭነው የፈለጉትን ሁሉ ይጽፋሉ። በዚህም ምክንያት ቆርቆሮው፣ ሠርጉ፣ አንድ ክርስትናና የአንድ ላም መጥፋት በአንድ ገመድ ታስረው ይኖራሉ።

ደብዳቤያቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ልጆቻቸው በስልክ ፎቶ አንሥተው የሚልኩልኝ አክስቴ ደግሞ ከማውጫው ፈጽሞ ውጭ ናቸው። ኖትመች የፎቶውን ስም ይመዘግባል፣ ስሙም ካሜራው የሰጠው ቍጥር ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሕፈት ግን አያነብም። ለእርሳቸው ደብዳቤዎች እኔው አንብቤ ምልክት እለጥፍባቸዋለሁ፤ አንዱን ነገረ እድር፣ አንዱን ነገረ ጤና፣ አንዱን ተግሣጽ ብዬ። ምልክቱ የሚቀመጠው በደብዳቤው ላይ ሳይሆን በማውጫው ውስጥ ስለ ሆነ፣ ማውጫው ቢጠፋ የእኔ ድካም አብሮ ይጠፋል፤ ይህ እንዳይሆን ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ አለና እርሱን አልረሳም፣ በተለይ ተግሣጹን።

የጥቍሩ መስኮት ትልቁ ደስታ ግን የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ማቀበል መቻሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ሥራ ፈትቼ ሳለ፣ ባጭሩ ወይም በአጭሩ የሚል ቃል ያለባቸውን ደብዳቤዎች ኖትመች እንዲፈልግ፣ ፎቶና ሰነድ የተያያዘባቸውን ግን ክብደታቸው እንዳያታልል እንዲተዋቸው አዘዝሁት፤ ያገኛቸውንም ፋይሎች ፓይፕ በሚባለው ምልክት አሳልፌ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ለሚደረድረው ለሌላው ትእዛዝ ሰጠሁት። በአንደኛነት የወጣው የአጎቴ የመሬት ክስ ደብዳቤ ነበር፤ ከአያታችን ዘመን ጀምሮ የወሰኑን ድንጋይ ሁሉ በየስሙ እየጠራ የሚሄድ ነው። ሁለተኛውም የእርሳቸው ሲሆን፣ የፊተኛው ባጭሩ በመጻፉ ምክንያት ያልተብራራልኝ ነገር ቢኖር እንዲያብራራልኝ በማግሥቱ የተላከ ነበር።