ካፒቴኗ ባለቤቴ ናት

ያገለገለች የሸራ ጀልባ ዋጋዋ ያታልላል። የእኛይቱ ሳሎናችን ውስጥ ከተዘረጋው ሶፋ ባነሰ ገንዘብ ነው የተገዛችው፤ ያውም ከነተሳቢዋ። ሻጩ አሜሪካዊ አዛውንት ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና እፎይ ብሎ እጃችንን ጨበጠን። የዚያ እፎይታ ትርጉም የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የማሰሪያ ቦታው ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቀለሙና የሜሪላንድ 5 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ተራ በተራ በራችንን ሲያንኳኩ።

ጀልባዋ ካታሊና 22 ትባላለች። የካሊፎርኒያው ፍራንክ በትለር የነደፋት ስትሆን ከ15 ሺህ በላይ እህቶች አሏት። ርዝመቷ 7 ሜትር አይሞላም። ማሰሪያዋ አናፖሊስ አጠገብ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖርበት አፓርታማ እዚያ ለመድረስ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ አማቴ ደወሉ።

«ጀልባ ገዛን ነው የምትሉኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«ምን ልታመላልሱባት?»

«ምንም። ለመዝናናት ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ዋና ትችላላችሁ?» አሉ። ባለቤቴ «ተንሳፋፊ ጃኬት አለን» ብላ መለሰች። አማቴ ለንስሐ አባታቸው ሊነግሩ ስልኩን ዘጉ።

ቡና ቤት የማገኛቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ። ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ስንት ቶን ናት?» አሉኝ። «አንድ ቶን ገደማ» አልኳቸው። «ታዲያ ተሸክማችኋት ነው የምትሄዱት?» ብለው ሳቁ። ቢሆንም የአንገት ልብሴን ከወንበሩ አንስተው ጫፉን በጣታቸው አዞሩ፣ በቀለበቱ አሾለኩ፣ ሳብ አደረጉ። የማይላላ፣ ሲፈለግ ግን ወዲያው የሚፈታ ቋጠሮ ሆነ። «ይኼን ዓይንህን ጨፍነህ ካላሰርክ ከወደብ አትውጣ» አሉኝ። የአንገት ልብሱን ግን እኔ ፈትቼው አላውቅም፤ ባለቤቴ ናት የፈታችው።

ትዳራችንን የገለበጠው ግን ሕጉ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው በሜሪላንድ ውኃ ላይ እንደ እኛይቱ ሞተር ያላት ጀልባ ሊነዳ ሲፈልግ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ነው የተወለደችው። እኔ ደግሞ፣ ወረቀቴ እንደሚለው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1971። (የጃንዋሪ 1 ልጆች ለምን እንደበዛን ፎርም የሞሉልን ሰዎች ይጠየቁ።) ስለዚህ ሕጉ «እሱስ ያውቃል» ብሎ አለፈኝ። እሷ ተማረች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። እኔ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ አጨበጨብኩላት።

ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ነገሩ ተገለጠ። የግራው መብራት ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ መሆኑን፣ ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ንፋስ በቀኝ ጎኑ የሚገባለት ቅድሚያ እንዳለው፣ ወደ ባልቲሞር የሚወጣ ትልቅ መርከብ ሲመጣ ግን ስለ ቅድሚያ መከራከር ሞኝነት መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት። የእኔ እውቀት ከ1972 በፊት መወለድ ብቻ ሆኖ ቀረ። የመሪውን እጀታ ያዘች፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀችም።

እርግጥ ከሸራ አስተማሪ ዘንድ አብረን የተማርነውም አለ። የሸራ ጀልባ ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት አትሄድም። በግራም በቀኝም 45 ዲግሪ ያህሉ ዝግ ነው፤ ወደዚያ ካዞሯት ሸራዋ እየተርገፈገፈ ቀጥ ትላለች። መፍትሔው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያሉ ዙሪያውን መውጣት ነው። ይኼ ለሐበሻ አዲስ ትምህርት አይደለም። ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሎች ከዝናቡ ተነሥተው፣ በእህሉ በኩል ዞረው፣ የጤፍን ዋጋ አማረው አይደል ለመጡበት ጉዳይ የሚደርሱት? አስተማሪያችን ቶሎ እንደገባን ሲያይ ተገረመ።

የከበደን ትእዛዝ ነው። ቡም የሚሉት፣ የሸራውን የታች ጠርዝ የያዘ አግድም ብረት አለ። ጀልባዋ ስትዞር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል፤ መንገዱ ላይ ራስ ካገኘ አያዝንም። ባለቤቴ ጨዋ ቤት ያደገች ናትና መጀመሪያ ሰሞን «ውዴ፣ እባክህ፣ ካላስቸገርኩህ ትንሽ ጎንበስ...» ትል ነበር። ቡሙ «እባክህ» ላይ ይደርሳል። ኋላ ጨዋነቱን ማሰሪያው ቦታ ላይ እየተውን መውጣት ጀመርን። «ጎንበስ!» «ልቀቅ!» «ሳብ!» «የቷን?» «ሰማያዊዋን!» «ሰማያዊዋማ ተይዛለች!» በአጠገባችን በነጭ ልብሳቸው ተሰልፈው የሚያልፉት የአናፖሊሱ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች እንደ እኛ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ ምናልባት ስላልተጋቡ ይሆናል። መልሕቅ ጥለን ምሳችንን ስንከፍት እንደገና «ሆዴ» እንባባላለን።

ጀልባችን የምትንሳፈፍበት የቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰፊውን ውኃ አይቶ ልቡ የሞላ ሰው ጭቃ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ ሸራችን ንፋስ ሞልቶት ተወጥሮ ሳለ ዳር ያሉት ዛፎች መንቀሳቀስ አቆሙ። ድምፅ የለም፣ ግጭት የለም። እኔ ወደ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ወደ ስልኬ ሮጥኩ። ባለቤቴ በእርጋታ ጎንበስ ብላ አንዲት የእጅ ማሽከርከሪያ ማዞር ጀመረች። ካታሊና ከሆዷ ሥር ኪል የሚሉት፣ የሚወርድና የሚሰበሰብ፣ 250 ኪሎ የሚመዝን ብረት አላት፤ ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ይፈልጋል፣ ሲሰበሰብ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ማሽከርከሪያው እየተንቋቋ ኪሉ ተነሣ፤ ከኋላችን ውኃው በጭቃ ደፈረሰ፤ ዛፎቹም መሄድ ጀመሩ።

«ይኼም ትምህርቱ ላይ ነበር?» አልኳት።

«አይ፣ ሻጩ በሰጠን መጽሐፍ ላይ ነው። አንተ ቡና የምታስቀምጥበት።»

ወሽመጡን በሚያቋርጠው ቤይ ብሪጅ ሥር ስናልፍ ግን እኩል ሆንን። ድልድዩ ዋናው መተላለፊያ ላይ ከውኃው 57 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የእኛ ምሰሶ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ቁጥሩን ሁለታችንም እናውቃለን። ከሥሩ ሆነው ቀና ሲሉ ግን ምሰሶው ሊላተም ጥቂት የቀረው ነው የሚመስለው፤ ባለ ምስክር ወረቀቷም ባለ ጃንዋሪ 1ዱም አንድ ላይ ጎንበስ አልን።

እንግዲህ ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ጀልባ ያማራችሁ፣ ወረቀታችሁም ከጁላይ 1972 በፊት የሚል ባሎች፦ ሕጉ አይመለከተንም ብላችሁ ሶፋ ላይ አትጋደሙ። ትምህርቱ በኢንተርኔትም ይሰጣል። ሚስቶቻችሁ ሳይቀድሟችሁ ተመዝገቡ።