ነፋሱ ለመስታወቱ

ቆላማዋ ሳንጃ ከተማ ላይ አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ቢከፈት ቀድሞ የሚገባው ዕቃ ከወዲሁ ይታወቃል፦ የመስታወት ሣጥን። ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ ደህናው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ውስጡም አንድ ብራና፣ የክብር እንግዶች ፎቶግራፍና ሪባን የተቆረጠበት መቀስ ይደረደራል። አንባቢውስ? እሱማ ግድግዳ ተደግፎ፣ በደብተሩ እያራገበ ያጠናል። በዚያ የቆላ ሙቀት መስታወት አያልበውም፤ ነፋሱ ግን የመስታወቱ ነው።

«ዐውደ ርእይ አንባቢ ይስባል፤ ቅርስም ያስጠብቃል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ የሳበውን አንባቢ የት ሊያስቀምጠው ነው እንጂ! አንድ ሣጥን የሚይዘው ቦታ ሁለት ሦስት ወንበር አያጣም። ጥበቃውን በተመለከተ ደግሞ ከዚሁ ቆላ፣ ከቋራ የተነሡት አፄ ቴዎድሮስ ምስክር ናቸው። መቅደላ ላይ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰዳቸው፤ 350 ያህሉ የብራና ጥራዞች ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ጠባቂ አላጡም። የራቃቸው የቋራና የሳንጃ ተማሪ ነው። መጽሐፍ ተጠብቆም ከአንባቢው ሊለይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሣጥኑ ይሰበር ያለ የለም፤ ወደ ጥጉ ፈቀቅ ይበል ነው። መራቂዎች ሆይ፣ መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት ወንበሩን ቁጠሩ።