ዜሮ ሲበዛ፦ ስለ ብሩሽ ቁጥር የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የብሩሽ ቁጥር ጉዳይ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት ሳያገኝ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም ቁመታቸው ወደ 28 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ወታደሮች፣ ጠንቋዮችና ጭራቆች ላይ ነው። እነዚህ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የሚሠሩ ጥቃቅን ምስሎች በእንግሊዝ፣ በተለይም በኖቲንግሃም ከተማ፣ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ናቸው። ዋርሀመር የተባለው የጦርነት ጨዋታ በ1983 ከወጣ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጤነኛ ጎልማሶች ከሥራ ገብተው፣ መብራት ሥር አጎንብሰው፣ የአንድ ጭራቅ ጥርስ ሲቀቡ ማምሸት የተለመደ ሆኗል። ቀቢው ጭራቁን ሲገዛ ቅንጣት አያመነታም። ብሩሽ መደርደሪያው ፊት ሲደርስ ግን እግሩ ይታሰራል፤ ከ2 ጀምሮ 1፣ 0፣ ሁለት ዜሮ፣ ሦስት ዜሮ እያለ እስከ ዐሥር ዜሮና ከዚያም በታች የሚወርድ መሰላል ይጠብቀዋል። የጥናቱ መላ ምት አንድ ነው፦ እጀታው ላይ የታተመው ዜሮ የሚለካው የጠጉሩን ቅጥነት ሳይሆን የገዢውን ፍርሃት ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከታሪክ ይገኛል። ሰዓሊው ኒኮላስ ሂሊያርድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን ንግሥት የቀዳማዊት ኤልሳቤጥን መልክ መዳፍ ውስጥ በምትገባ ብራና ላይ ሲሥል፣ የአንገት ጥልፏን ክር በክር፣ ዕንቋን ፈርጥ በፈርጥ ያሳየው በስኩዊረል ጠጉር ነው፤ ጠጉሩም የተሰካው በወፍ ላባ አገዳ ውስጥ ነበር። ዜሮ የታተመበት እጀታ ዓይቶ አያውቅም። ስለ ሙያው በጻፈው መመሪያ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዓሊ ብናኝ የማያራግፍ የሐር ልብስ ይልበስ ይላል። የዛሬው ቀቢ ካናቴራ ለብሶ ስለ ዜሮ ይጨነቃል። ኋላም ቢሆን የላባ ብሩሾች መጠናቸው የሚታወቀው በባለ ላባው ወፍ ስም ነበር፦ ቁራ፣ ዳክዬ፣ ዝይ እየተባለ። ይህ ሥርዓት ቢቀጥል ኖሮ ገበያው በራሱ ልክ ያበጅ ነበር፤ ለዐሥር ዜሮ የሚሆን ወፍ እግዚአብሔር አልፈጠረም፤ ዝንብ ደግሞ ላባ የላትም። ለጥናቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የንግሥት ቪክቶሪያ ምስክርነት ነው። ብሩሽ ሠሪው ዊንሰር ኤንድ ኒውተን እንደሚተርከው፣ ንግሥቲቱ በ1866 እጅግ ምርጥ የውሃ ቀለም ብሩሽ እንዲሠራላት ስታዝ የመረጠችው ልክ 7 ቁጥር ነበር፤ የኩባንያው ዝነኛ ብሩሽ እስከ ዛሬ ሲሪስ 7 የሚባለውም በዚሁ ነው። የዓለምን ሰፊ ክፍል የምትገዛ ሴት የፈለገችውን ያህል ዜሮ ማስደርደር አያቅታትም ነበር። አላስደረደረችም። ንግሥቲቱ የሣለችው መልክዓ ምድር እንጂ ጭራቅ አይደለም የሚል ቢኖር፣ እውነቱን ነው፤ ማስረጃው ግን ግርማ ሞገስ ስላለው አልተጣለም።

ሁለተኛው ማስረጃ የሥነ አካል ነው፤ ክርክሩ የሚቆመውም በዚህ ላይ ነው። ኮሊንስኪ ተብሎ የሚሸጠው ጠጉር ከሳይቤሪያ ሙጭልጭላ ጅራት የሚገኝ ሲሆን፣ አንዷ ጠጉር በተፈጥሮዋ ወገቧ ላይ ወፍራ ወደ ጫፏ እየሾለች ትሄዳለች። ብሩሽ ሠሪው ይህን ጫፍ በመቀስ አይነካውም። ጠጉሮቹን ጫፋቸውን ቁልቁል አድርጎ ትንሽ ቀለህ መሰል ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይከታቸዋል፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሲያደርገው መሐል ያሉት ዝቅ፣ ዳር ያሉት ከፍ ብለው ሹሉን ይሠሩታል። ስለዚህ 2 ቁጥርም ሆነ ሦስት ዜሮ የአንድ ጅራት ልጆች ናቸው፤ በደንብ እስከተሠሩ ድረስ ሁለቱም የሚያበቁት በዚያው ዓይነት ጫፍ ነው። የሚለያዩት በሆድ ነው፤ አንደኛው ቀለም የሚይዝበት ሆድ አለው፣ ሌላኛው ጾመኛ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካዎቹን የሚያስማማ ዳኛ የለም፤ አንዱ 0 ያለውን ሌላው 1 ሊለው ይችላል። ጫማ እንኳ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አለው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። ምስሉ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰውየው ከስድሳ እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዷል ማለት ነው። የዓይናችን ባለ ቀለሙ ክብ 12 ሚሊ ሜትር ግድም ነውና በምስሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ሦስት የራስ ጠጉር ጎን ለጎን እንደማለት ነው። ይህን በ2 ቁጥር ልቀባ ማለት እብደት አይደለምን? ስሌቱን ጥናቱ ይቀበላል (ቀራጮቹ ለቀቢው አዝነው ራስና እጅ አግዝፈው እንደሚሠሩ ግን ይታወስ)። ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። የነጠብጣቧን ስፋት የሚወስነው ምስሉን የነካው ጫፍና የለቀቀው ቀለም እንጂ ከኋላ የቀረው ሆድ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ደቃቅ ፊደል የሚጥለው የብርዑን ጫፍ ቀርጾ እንጂ መቃውን አቅጥኖ አይደለም።

ይልቁንስ ጾመኛው ብሩሽ ዓይን ላይ ሲደርስ የሚሆነውን ማየት ይበጃል። የዘመኑ ቀለም በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ስለሆነ በፍጥነት ይደርቃል፤ ጠብታው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ከይዘቱ አንጻር ለአየር የተጋለጠው ገጹ ይበዛል። ዐሥር ዜሮ ከቀለም መደባለቂያው ተነሥቶ ጭራቁ ግንባር ጋ እስኪደርስ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ወደ ቅርፊትነት ይጠጋል። ቀቢው ይጫነዋል፤ አይወርድም። ደግሞ ይነክራል፤ አሁን እብጠት ይዞ ይወጣል። መልሶ ሲነካ ጭራቁ የዓይን ማዝ የያዘው መስሎ ይቀራል። ትልቁ ብሩሽ ግን ሆዱ ያጠራቀመውን እርጥበት ወደ ጫፉ እያሳለፈ ያቆየዋል፤ ቀቢው ትርፉን አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ በአንድ ስስ መስመር ካራገፈ በኋላ እስትንፋሱን ሰብስቦ ዓይኑን ለመንካት ፋታ ያገኛል። ስለዚህ ለዐሥር ዜሮ የሚቀርበው መከራከሪያ ውሃ የማያነሣ ነው፤ ብሩሹም እንደዚያው።

ፍርሃት የሚገባውም በዚህ በር ነው። ዓይኑ የተበላሸበት ቀቢ እጁን ጠረጴዛ ላይ አለማስደገፉን፣ ቀለሙን አለማቅጠኑን ወይም መምሸቱን አይጠይቅም፤ ጥፋቱን በብሩሹ ላይ ጥሎ አንድ ዜሮ ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛው ፈጥኖ ይደርቃል፤ ስለሚደርቅ ያበላሻል፤ ስለሚያበላሽ ሌላ ዜሮ ይገዛል። በሸማቹ ስሕተት ራሱን የሚያሳድግ ገበያ እምብዛም አይገኝምና ነጋዴዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። በርግጥ በጥቃቅን ዜሮ ተሸላሚ ሥራ የሚሠሩ አሉ። እነሱ በስንጥርም ቢሆን ይሠራሉ፤ የእነሱ ብቃት ስለ ብሩሹ የሚነግረን ነገር የለም። ዋጋውስ? ጥሩ ኮሊንስኪ ውድ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ጠጉሩን ከያዘው የብረት ቀለበት ሥር እንዳይገባ ከተጠነቀቁለትና በሳሙና ካጠቡት፣ ተራ በተራ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የሚቆለመም የናይሎን ብሩሾች ከመግዛት ይረክሳል። ናይሎኑ ለሙጫ፣ ቀለም ለማደባለቅና ጠጉር ለሚያበላሹት የብርና የወርቅ ቀለሞች ይቀመጥ።

ስለዚህ ውሳኔው፦ ለአብዛኛው ሥራ አንድ 2 ቁጥር፣ ለዓይንና ለጥርስ አንድ 1 ቁጥር ይበቃል። የቀረው ጌጥ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ሻጩን ውሃ ይጠይቁ። አዲስ ብሩሽ ቅርጹን እንዲጠብቅ በሙጫ ስለሚደርቅ ሱቅ ውስጥ ሾሎ መታየቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ሙጫው እስኪለቅ ውሃ ውስጥ ያንቀሳቅሱት፣ አንዴ ያራግፉት፣ ከዚያ ጫፉን ይዩ። ወደ አንድ ነጥብ ከተሰበሰበ ይክፈሉ። ለሁለት ከተሰነጠቀ ይመልሱት። ሻጩ ውሃ የለም ካለዎት፣ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።