ጢሰኛው ኮምፒውተር

እኛ ጎጃሞች በመሬት ቀልድ አናውቅም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ ሲባል «መሬታችን ሊለካ ነው» ብሎ አገሩ የሸፈተው ለዚህ ነው። ርስት ያለው ባለርስት ነው፤ የሌለው በሰው ርስት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይጤሳል፤ ጢሰኛ ይባላል። በ1967 መሬት ለአራሹ ተብሎ ሲታወጅ ጢሰኝነት አበቃለት ብለን ነበር። ምን ያበቃል! የልጅ ልጄ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ጢሰኛ ይዞብኝ መጣ፤ ያውም በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ።

«ቨርቹዋል ማሽን ነው፣ አባባ» አለኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ የላዩ ዊንዶውስ፣ የውስጡ ሊኑክስ። አካል የለው፣ ጥላ የለው። ሆድ ግን አለው፤ የሚበላውም የእኔን ጥቅል ነው። ጢሰኛው ላፕቶፑን ይለምናል፣ ላፕቶፑ በሆትስፖት የእኔን ስልክ ይለምናል፣ ካርድ የምሞላው እኔ! ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ የከረመብን ሰዎች ሜጋባይት ምን እንደሆነች እናውቃለን። ጢሰኛው የት ያውቃል?

መጀመሪያ አልሠራ ብሎት ነበር። ልጁ ሲነካካው ውሎ ድንገት «ለካ ኬብሉ ተነቅሎ ነው!» ብሎ ጮኸ። መነጽሬን አድርጌ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈለግሁ።

«የታለ ኬብሉ?»

«የለም፣ አባባ። እዚህች ሣጥን ላይ ምልክት ስናደርግ ተሰካ ማለት ነው።»

የሌለ ኮምፒውተር የሌለ ኬብሉ ተነቅሎ በምልክት ተሰካለት፤ የሚቆርጠው ጥቅል ብቻ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ!

አሠራሩን ጠየቅሁት። «ናት» (NAT) ይሉታል። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ለጢሰኛው 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻው ከደጅ አያልፍም፤ ካልቀየሩት በቀር ቶኪዮ ያለውም ጢሰኛ የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። ወደ ውጭ ሲልክ ላፕቶፑ የጢሰኛውን አድራሻ ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል፤ የማን እንደነበረ ግን በመዝገብ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያቀብለዋል። ብሪጅ የሚባል ሌላ መንገድም አለ፤ ያኔ ጢሰኛው ራሱን ችሎ ከስልኬ የራሱን አድራሻ ይጠይቃል። በዋይፋይ ሲሆን ግን አንዳንድ ጊዜ እንቢ ይላል አለኝ። እሰይ!

ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። ዊንዶውስ ሆትስፖቱ በሂሳብ የሚሄድ መሆኑን ከነገሩት ማሻሻያ ማውረዱን ይቀንሳል፤ ይሉኝታ ያውቃል። ጢሰኛው ግን የሚታየው ያ የሌለ ኬብል ነው፤ በኬብል የመጣ ሁሉ የማያልቅ ይመስለዋል። ባለቤቱ ሲቆጥብ እሱ ማሻሻያውን ያግበሰብሳል። ማታ ቅኔ ልሰማ ዩቲዩብ ብከፍት፣ «ጥቅልዎ አልቋል»።

«ይኼን ጢሰኛ ከርስቴ ላይ አስነሣልኝ!» አልኩት።

ልጁ ስልኬን ተቀበለና ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አሳየኝ። የስልኬም አድራሻ በ10 ይጀምራል።

«አባባ፣ አንቱም እኮ ጢሰኛ ነዎት» አለኝ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩባት ደብረ ኤልያስ ተወልጄ፣ ግብሬን ሳላጓድል ኖሬ፣ በሽምግልናዬ ጢሰኛ ልባል? ነገሩ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከዓለም ሕዝብ ያንሳል። ስለዚህ የሞባይል ኔትወርኮችም ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ሥር ያሳድራሉ። የእኔንም ስም ከላይ ያለው ይፍቀዋል ማለት ነው።

ይህ ናት የሚሉት በፈረንጆች 1994 ሲቀርብ «ጊዜያዊ መፍትሔ» ተብሎ ነበር አሉ። ጊዜያዊን እኛ እናውቀዋለን። ደርግም ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ነኝ ብሎ ገብቶ 17 ዓመት ተቀምጦብናል። ናት ግን 30 ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን የነቀነቀው የለም።

«መፍትሔ አልተገኘለትም?» ብለው፣ «ተገኝቷል እንጂ!» አለኝ። አይፒ ቁጥር 6 የሚባል፣ ለሰው ሁሉ፣ ለስልኩም ለጢሰኛውም የየራሱን ርስት የሚያዳርስ አድራሻ በፈረንጆች 1998 ተሠርቶ አልቋል። ዓለም ግን እስከ ዛሬ ጠቅልሎ አልገባበትም።

እንግዲህ አዋጁ ወጥቷል። አፈጻጸሙ ደብረ ኤልያስ እስኪደርስ ድረስ ግን ካርድ የምሞላው እኔው ነኝ።