ጉባኤ ዘይት በሮብ ገበያ

በምሥራቅ ጎጃም ስለ ቅባት መከራከር ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ ራብዓዊ በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱን ሰብስበው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ ምን እንደ ተባለና ማን እንደ ረታ አገር ያውቀዋል፤ እኔ ግን ምሥጢረ ሥጋዌን ለባለቤቶቹ ትቼ ዛሬ የማወጋው ስለ ትራክተር ካምቢዮ ቅባት ብቻ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከየትኛውም ወገን እንዳይቈጥረኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከሮብ ገበያ ብዙ ሳይርቅ የሚያርስ አንድ የአክስቴ ልጅ አለኝ። ይህ ሰው ያገለገለ ትራክተር ከገዛ ወዲህ፣ ጥንድ በሬ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ አንድ ጥማድ የሚያወጣበትን ዋልካ መሬት ከቁርስ በፊት ገልብጦ እየጨረሰ፣ የራሱን ሲያበቃ የጎረቤቱን በኪራይ እያረሰ፣ ስሙም ኪሱም ደህና ሆኖለት ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ግን ትራክተሩ ጠባዩ ተለወጠ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ቍር ገና ባልበረደበት ማለዳ ሃይድሮሊኩ ማረሻውን አንሣ ሲሉት ያቃስታል እንጂ አያነሣም፤ ፍሬኑም በተረገጠ ቍጥር እሪ ስለሚል፣ ከቍልቍለቱ ሲወርድ ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች አንድ ሁለት ጊዜ መርዶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ እስከ መውጣት ደርሰዋል።

የነገሩ ሥር የተገኘው በገበያው ቀን፣ ትራክተሩ በቆመበት፣ ሳይጠሩ በተሰበሰቡ ሊቃውንት መካከል ነው። ዘይቱን የሸጠው ነጋዴ ነበረ፤ ከሞጣ የመጣ መካኒክ ነበረ፤ ዕጣን ሊገዙ የወጡ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የቀረነው ደግሞ ስለ ዘይት የምናውቀው ባይኖርም ስለ ዘይት ከመናገር የሚያግደን አልነበረም። ነጋዴው የሸጠው ካምቢዮ ዘይት 140 ነው። መከራከሪያውም አጭር ነው፤ ከ40 የ90፣ ከ90 የ140 ይወፍራል፣ የወፈረ ደግሞ የብረት ጥርስ ያድናል። ከሕዝቡ ብዙው በዚህ ተስማማ፤ በአገራችን ወፍራም የሆነ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ቢሆን፣ ያለ ምርመራ እንደሚከበር የታወቀ ነውና።

መካኒኩ ግን ከት ብሎ ሳቀ። የሞተር ዘይት ቍጥርና የካምቢዮ ዘይት ቍጥር የሚሰፈሩት በልዩ ልዩ ሚዛን እንደ ሆነ፣ ካምቢዮ 90 የሚባለው በሞቀ ጊዜ ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር የሚቀራረብ እንደ ሆነ ሲያስረዳ፣ በገበያው ጸጥታ ወረደ። ዘጠና ከአርባ ጋር ይተካከላል የሚል ሰው በሮብ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ቀን ይመስለኛል፤ አንዳንድ ገዢም እህል በምን ሚዛን ሲሰፈርለት እንደ ኖረ ያሰበ ይመስል ዘወር ብሎ እህል ነጋዴዎቹን ተመለከተ። የኔታ ብቻ አልተናወጡም። "ልጄ፣ ይህ እኮ አንድምታ ነው" አሉት፤ "ንባቡ አንድ፣ ትርጓሜው ሁለት።"

ነጋዴው እጅ ላለመስጠት ጂ ኤል 5 የሚል የተጻፈበት ሌላ ጀሪካን አምጥቶ ከፈተ። ሽታው ሲወጣ የኔታ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ "ይህስ በሰዶምና በገሞራ የዘነበው ዲን ነው!" አሉ። መካኒኩ በአግራሞት አያቸው፤ በእርግጥም ዲን ነውና። ዲንና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም፣ ጭነት በበዛባቸው የማርሽ ጥርሶች ላይ ስስ ሽፋን እየሠራ ብረት ብረትን እንዳይበላ ይጠብቃል፤ ሙቀት ሲበረታ ግን ነሐስን ይነክሳል፤ ስለዚህ ነሐስ ያለበት ካምቢዮ ቅመሙ ያነሰውን ጂ ኤል 4 የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። የኔታ በማሽተት ብቻ የደረሱበትን እኛ በንግግር ግማሽ ሰዓት ፈጀንበት።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹ ተጠያቂ ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ሰው ነው። ማረሻን በሦስት ክንድ አንጠልጥሎ በዘይት ግፊት ማንሣትን ለዓለም ያስተማረው እሱ ሲሆን፣ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ በተሠራው ትንሽ ግራጫ ትራክተሩ ውስጥ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሺያሉና ሃይድሮሊኩ ከአንድ ጋን እንዲጠጡ አደረገ። በኋላ የተነሡ ሠሪዎችም የፍሬኑን ሸራ በዚያው ዘይት ነከሩት። እንግዲህ አንዱ ዘይት በጥርሶቹ መካከል ሸክም መቻል፣ በማለዳ ብርድ ወደ ፓምፑ ፈጥኖ መፍሰስ፣ ሸራዎቹም ሳይንሸራተቱና ሳይጮኹ እንዲይዙ ማድረግ አለበት። 140 የመጀመሪያውን ያውቅበታል፤ ለፓምፑ ግን እጅግ ይከብዳል፤ ለሸራው የሚገባው ቅመምም የለውም፤ እሪታውም ከዚያ የመጣ ነው። "ቅዳሴ እንኳ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ይህ ሁሉ አገልግሎት ለአንድ ዘይት?" ብለው የኔታ አዘኑለት።

መካኒኩ ታፖውን ፈታ። የወረደው ነጭ ነበር፤ በማርሽ ዘንጉ ሥር ያለው ጎማ ተቀዶ ኖሮ የክረምቱ ዝናብ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዷል። አንዲት ባልቴት አጎንብሳ አየችና "ውይ! በሮብ ምድር ወተት!" ብላ አማተበች። መካኒኩም ጎማው ሳይለወጥ የሚገባ ማናቸውም ዘይት፣ ከሮም ቢመጣ እንኳ፣ በሁለት ዝናብ ይኸው እንደሚሆን አስታወቀ።

ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ሚስት ሕዝቡን ሰንጥቃ ደረሰች። በእጇ የትራክተሩን መጽሐፍ ይዛለች፤ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ቈልፋበት ኖራለች። "ጋሼ፣ ስለ ዘይቱ እኮ እዚህ ተጽፏል፤ ማንም አልጠየቀኝም" አለችኝ። ባሏ የጫማውን አፈር መረመረ። መካኒኩ ገልጦ አነበበ፤ የሚፈለገው ዩ ቲ ቲ ኦ የሚሉት፣ ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም ለተነከረ ፍሬንም በአንድነት የተቀመመው የትራክተር ዘይት ነው፤ በዕቃው ጀርባ ላይ የሠሪው ምልክት፣ ለማሴይ ፈርጉሰን ኤም 1135 ወይም ኤም 1141፣ ለጆን ዲር ጄ 20 ሲ እንደሚባለው ያለው፣ መጽሐፉ ካዘዘው ጋር መግጠም አለበት።

ነጋዴው ይህን ሲሰማ ዐይኑ ወደ ሱቁ ጥግ ሸሸ። እዚያ፣ አቧራ የለበሰ፣ ቀጭን ነው እየተባለ ሁሉም ነክቶ የተወው በርሜል አለ፤ መካኒኩ ጀርባውን በመዳፉ ጠርጎ ምልክቱን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየውና ራሱን ነቀነቀ። የአክስቴ ልጅ "እንግዲያው በትናንቱ ዋጋ ስጠኛ፤ አራግፍልሃለሁ" ቢለው፣ ነጋዴው በርሜሉ ላይ ተቀምጦ "ትናንትማ ማንም ስለማያውቀው ነበር" አለና ዋጋውን ጨመረበት።