አባ ቃጭል

የአገሬ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። እኔም ስም አለኝ። ያገኘሁት ግን በጦር ሜዳ ሳይሆን በአንድ የመስኖ ቦይ ውስጥ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው።

ሚስቴ የአዊ ልጅ ናት። በተጋባን በመጀመሪያው ጥር እንጅባራ አጠገብ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ልትወስደኝ ተነሣች። በዚያ አገር ጥር 23 ተራ ቀን አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ለዓድዋ ፈረሶች ውለታ መታሰቢያ ነውና፣ በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ዓድዋም ድል የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። አማቴ ደግሞ ከነአባታቸው ፈረሰኛ ናቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ ፈረስ ላይ የወጣሁት አንዴ፣ እንጦጦ ላይ፣ ለፎቶ ነው፤ ልጓሙንም የያዘው ባለፈረሱ ነበር።

ችሎታ ያጣ ሰው በጌጥ ያካክሳል ብዬ መርካቶ ወረድኩ። 12 የነሐስ ቃጭልና ቀለሙ ዓይን የሚወጋ የዶቃ ሐብል መረጥኩ። ነጋዴው እየጠቀለለ፣ «ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአማቴ።»

ቀና ብሎ ሲያየኝ ቆየና ሃምሳ ብር ቀነሰልኝ።

አማቴ ጥቅሉን ፈተው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ለአንድ ፈረስ ነው ወይስ ለደብሩ?»

የተማርኩ መሆኔን ለማሳየት ይኼኔ ነው ጊዜው አልኩ። «አባባ፣ በፈረንጅ አገር በረዶ ሲጥል የፈረስ ኮቴ አይሰማም። እግረኛው እንዳይረገጥ ጋሪ ጎታቹ ፈረስ ላይ ቃጭል ያስራሉ። በገና ሰሞን ከተማ ውስጥ የሚዘፈነው የእንግሊዝኛ የቃጭል ዘፈን እንኳ ስለዚያ ነው።»

«እነሱ በረዶ አለባቸው፤ አንተ ምን አለብህ?»

ዝም አልኩ። ዶቃውንም አነሡና ዓይነ ክፉ ሰው ፈረሱን ትቶ እሱን እንዲያይ ከሆነ አይከፋም አሉ። ቃጭሉ ላይ ግን ፊታቸው ጠነከረ። ዳማ የሚባለው ፈረሳቸው ከውርንጭልነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ቃጭል አለው፤ አዲስ ድምፅ ግን በአንድ ጀንበር አይጫንበትም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚባለው ለቀልድ አይደለም፤ ፈረስ ክፉ ቀንን የሚያልፈው በመሸሽ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ግንባሩ ሥርና ጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም። ጆሮዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ወደ ኋላ ድረስ ይዞራሉ። እንግዲህ ከደረቱ ሥር፣ ከማያየው ቦታ፣ አንድ ነገር ሲንጫጫ ምን ሊያስብ ነው?

በማግስቱ ማለማመድ ጀመሩ። አንዱን ቃጭል በእጃቸው ይዘው፣ ከፈረሱ ራቅ ብለው፣ ቀስ አድርገው ነቀነቁት። ዳማ አንገቱን ሰቅሎ ጆሮውን ቀሰረ። እሳቸው ማንቃጨላቸውን አላቆሙም። ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን መላስ ሲጀምር ግን ወዲያው ጸጥ አሉ፤ አንድ እፍኝ ገብስም ሰጡት።

«ድምፁ የሚቆመው ሲረጋ ነው» አሉኝ። «ሲሸሽ ካቆምክለት መሸሽን አስተማርከው ማለት ነው።»

ቀጥሎ ቃጭሉን በጨርቅ አፍነው ትከሻውን ያሹታል። ከዚያ ጨርቁን ያነሣሉ። ከዚያ አስረውለት በእግር ይስቡታል። መቀመጥ የመጨረሻው ነው። አንድ ሳምንት ይፈጃል አሉ። እኔ የነበረኝ ሦስት ቀን ነው።

እስከዚያው በአሮጌው ቃጭል ፈረሱ ላይ አስቀመጡኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ፈረስ በእርምጃ 4 ምት ይመታል፤ በሶምሶማ 2፣ በደንገላሳ 3። ቃጭሉ ያንን ምት ተከትሎ ይዘምራል። ፈረሰኛው ከተወዛወዘ፣ ልጓም ከጎተተ፣ በተረከዙ ከነካካ፣ የፈረሱ እርምጃ ይቆራረጣል፤ ዜማው ይበላሻል።

«እንዴት ነው አባባ?» አልኩ ዞሬ ስመለስ።

«ፈረሱ ደኅና ነው። ያንተ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ነው።»

የጥር 23 ንጋት አማቴ ለቅዳሴ ወጡ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው አልኩ ለራሴ። የዳማን ደረት በ12 ቃጭልና በዶቃው አጊጬ፣ ነጭ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ለሃያ እርምጃ ያህል ግርማዬ አስፈራኝ። ከዚያ ሶምሶማ አማረኝና በተረከዜ ነካ አደረግኩት።

12ቱ ቃጭሎች በአንድነት ጮኹ። ዳማ ከድምፁ ሊያመልጥ ፈጠነ፤ በፈጠነ ቁጥር ድምፁ በረታ፤ በበረታ ቁጥር ዳማ ፈጠነ። እኔ የኮርቻውን ጫፍ ይዤ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። በደብሩ አጥር ሥር ስናልፍ፣ ዲያቆኑ ቃጭል የመታ የመሰላቸው ሦስት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ሰገዱ። ቦዩ ላይ ስንደርስ ዳማ ዘለለ። እኔ አልዘለልኩም።

የቀረውን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። እናቷ ጓዳ ሆነው ቡና ይቆላሉ። ገና ከቀርከሃው አጥር ማዶ ቃጭል ሲሰማ ማማሰያውን አስቀመጡ።

«ባዶውን ነው የሚመጣው» አሉ።

«በምን ዐወቅሽ እማማ?»

«ዜማው ተስተካክሏል።»

እንዳሉትም ዳማ ብቻውን ገባ። ቤቱ ሲደርስ ረግቶ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ነበር የሚራመደው። እሱ 12ቱንም ቃጭል በአንድ ጠዋት ለምዷቸዋል፤ ያለመደው እኔን ነው። ሰዎች ከቦዩ አውጥተው ሲያመጡኝ አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጅ ላይ ቆመዋል። ጭቃዬን፣ ጋቢዬን፣ አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን የዶቃ ሐብል አዩ። ዶቃው እንዴት እኔ አንገት ላይ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ምነው አባ ቃጭል» አሉኝ፤ «በረዶ ነበረ እንዴ?»

ስሙ በዚያው ጸደቀ። በየዓመቱ ጥር 23 ስሄድ የሰፈሩ ልጆች በዚሁ ስም ይቀበሉኛል። 11ዱን ቃጭል አማቴ ለውርንጭሎች ማለማመጃ ወስደዋቸዋል። አንዱን እኔ ይዤዋለሁ፤ አዲስ አበባ የቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል፤ አምሽቼ ስገባ ሚስቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ በምን ሁኔታ እንደመጣሁ ታውቃለች።

እርስዎም ፈረስዎን በቃጭል ሊያስጌጡ ካሰቡ ፈረሱን በአንድ ሳምንት ያለማምዱት፤ ለራስዎ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡ። ቃጭል የፈረሰኛውን ገመና ይዞ አያድርም፤ አማት ደግሞ ጆሮ አላት።