ዛር በስልክ መጣ

ማታ ወሎ፣ ሐራ ከተማ ላይ ሻይ ቤት ጎራ ብትሉ ጎረምሶቹን ስልክ ላይ አቀርቅረው ታገኟቸዋላችሁ። የሚያዩት የድመት ጆሮ የበቀለላት፣ ዓይኗ ግማሽ ፊቷን የወሰደ የካርቱን ልጅ ነው። «ታፕ ታፕ አድርጉልኝ እንጂ ፍቅሮቼ!» ትላለች፤ ድምፁ የሰው፣ መልኩ የስልክ። አንዱ ጽጌረዳ ይልክላታል። አንበሳ የሚልክ ሲገኝ ቤቱ በጩኸት ይደበላለቃል፤ የቲክቶክ አንበሳ 30 ሺህ ኮይን ገደማ ነውና ቀልድ አይደለም። ጽጌረዳ የላከው የሻዩን ሒሳብ «ነገ» ብሎ ይወጣል።

ፋሽኑን ያስጀመሩት ጃፓኖች ናቸው። ኪዙና አይ የምትባል ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2016 ዩቲዩብ ላይ ብቅ አለችና ራሷን «ቨርቹዋል ዩቲዩበር» አለች። ከጀርባ ያለው ሰው ቅንድቡን ሲያነሳ እሷም ታነሳለች፣ ሲስቅ ትስቃለች። በሥዕል ተከልለው ማውራት ከጀመሩ ወዲህ የገዛ ድምፃቸውን መጥላት ተውን የሚሉም አሉ።

የእኛ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ «አዑዙ ቢላሂ!» ይላል። «ሰው እንዴት በገዛ ፊቱ አፍሮ የድመት ፊት ይዋሳል?» ይህን የሚለው እናቱ በዓመት አንዴ ዛራቸው ሲሰፍርባቸው ወንድ ሆነው ሲፎክሩ እያየ ያደገ ሰው ነው።

ወሎ ዛርን መቼ አጣው! ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ከጓዳ የማይወጣ ሴት፣ ዛሯ የሰፈረባት ማታ ታጓራለች፤ ስሟ ይለወጣል፣ ድምጿ ይጎረናል። ጨሌ አምጡ፣ ሽቶ አምጡ፣ የሐር ሻሽ አምጡ ትላለች። ትናንት «ወጥ አቀጠንሽ» ብሎ የጮኸባት ባል እጁን አጣምሮ «ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» ይላል። ዛሩም አይምረውም፦ «ይህችን ፈረሴን በሰው ፊት ታዋርዳታለህ፤ ሁለተኛ ብሰማ ወዮልህ!» ባል መሬት ይስማል። በማግስቱ እሷ ምንም አታስታውስም፤ እሱ ሻሽ ፍለጋ ገበያ ይወርዳል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከባለ ዛሮች ጋር ወራት አሳልፎ፣ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከቴአትር ጋር አዛምዶታል፤ ሰዎቹ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቴአትር ነው ባይ ነው። ባልየው ቢያነበው ሻሹን ያስመልስ ነበር። ዛር ደግሞ እንደ ጋኔን በጸበል አስጩኸው የሚገላገሉት አይደለም፤ ታርቀውት፣ ግብሩን እየሰጡ አብረው ያረጃሉ። ያቺ ሴት ያን ጎርናና ድምፅ የራሷ አድርጋ የምትኖረው እንዲህ ነው። እኛ ግን ሴት በገዛ አፏ ስትናገር ጆሯችን አይሰማም፤ ወይ ዛር ይጫናት፣ ወይ የድመት ጆሮ ይብቀልላት።

ደግሞስ ፊት መዋስ ነውር ነው የምትለው ሐራ ራሷ በካርታ ላይ ማን ሆና ነው የምትታየው? በኮምቦልቻ በኩል ከአዋሽ የሚመጣው ሐዲድ ከመቀሌ ከሚወርደው ጋር እንዲገናኝባት የታቀደች የባቡር ከተማ! ባቡሩን የሚጠብቅ መንገደኛ እስኪደርስለት በባጃጅ ይሄዳል።

እኔን የሚከነክነኝ የስጦታው ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ አንበሳ ግማሽ ያህሉን ቲክቶክ ቆርጦ ያስቀራል። የዛሩ ሻሽና ሽቶ ግን እዚያው የሴትየዋ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ ሻሹንም ለሰርግ ታስረው ነበር።